የበግ ላትና የሰባ ሥጋ የምግብ ይዘት በቤት ውስጥ እንዴት ይለካል

በወሎ ገበያዎች በግ የሚገዛ ሰው እጁን በመጀመሪያ የሚያሳርፈው ወገቡ ላይ፣ ቀጥሎም ላቱ ላይ ነው። ወገቡን ዳብሶ አጥንቱ ምን ያህል በሥጋ እንደተሸፈነ ያውቃል፤ ላቱን ደግሞ ከሥሩ በመዳፉ ደግፎ ክብደቱን ይገምታል። የበጉን ውፍረት ለመለየት ይህ አያያዝ በቂ ነው። በጉ ታርዶ ላቱ ተከትፎ ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ለእያንዳንዱ ተመጋቢ ምን ያህል ስብና ምን ያህል ጉልበት እንደደረሰው የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ያንን በኩሽና ሚዛን፣ በአንድ ድስትና በቀላል ስሌት ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ ነው።

ይህን መለካት የጀመርኩት በቤታችን በደረሰ ነገር ምክንያት ነው። አባቴ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ማለቱ ተነግሯቸው ቅባት እንዲቀንሱ በታዘዙ ጊዜ ቅቤውን አቆምን፣ ዘይቱንም በማንኪያ እየለካን መጨመር ጀመርን። ላቱን ግን ማንም አልነካውም፤ በእኛ ግምት ላት ሥጋ እንጂ ቅባት አልነበረምና። ምክር የሰጡን ባለሙያም ስለ ቅቤና ስለ ዘይት ጠየቁን እንጂ ላትን አላነሱም፣ እኛም አልነገርናቸውም። ስለዚህ ለወራት ያህል የአባቴ አልጫ ያለ ቅቤ፣ ነገር ግን በቀለጠ ላት ሲሠራ ቆየ። በኋላ ላቱን አቅልጬ በሚዛን ላይ ባስቀመጥኩት ጊዜ፣ ቀንሰነዋል ያልነው ስብ በሌላ በር ተመልሶ መግባቱን አየሁ።

ወደ መለካቱ ከመሄዳችን በፊት ሠንጠረዥ እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለ ሰባ ሥጋ የምግብ ይዘት በስልኩ የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ ከሚያገኛቸው አንዱ የአሳማ የሆድ ሥጋ ነው። በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ ስለማይበላ ቁጥሩ ለማዕዳችን አይሆንም፤ ለመማሪያነት ግን ጥሩ ነው። በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ሠንጠረዥ መሠረት 100 ግራም ጥሬ የአሳማ የሆድ ሥጋ 53 ግራም ስብ፣ 9 ግራም ያህል ፕሮቲንና 518 ኪሎ ካሎሪ አለው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ደግሞ 4 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። እንግዲህ 53 በ9 ሲባዛ 477፣ 9 በ4 ሲባዛ 36፣ ድምሩም 513 ይሆናል። ከ518 ጋር ያለው ትንሽ ልዩነት የመጣው ቁጥሮቹ በመጠጋጋታቸውና ሠንጠረዡ በጥቂቱ የሚለዩ ማባዣዎችን ስለሚጠቀም ነው። ሥጋ ውስጥ ስኳርና ስታርች ከቁጥር የሚገባ ስላልሆነ፣ ስቡና ፕሮቲኑ ከተባዙና ከተደመሩ በኋላ ከተጻፈው ካሎሪ ጋር በሰፊው የማይገጥም ማንኛውም የሥጋ ሠንጠረዥ ሊታመን አይገባም። ይህችን ማጣሪያ የያዘ ሰው በየቦታው የሚጻፈው ቁጥር አያታልለውም።

በዚያው ሠንጠረዥ የበግ ሥጋ በየብልቱ እንዲህ ይለያያል። ስቡ ያልተነሳለት ጥሬ የጎድን ሥጋ በ100 ግራም 34 ግራም ያህል ስብና 372 ኪሎ ካሎሪ ሲኖረው፣ ወርቹ 21 ግራም ያህል ስብና 264 ኪሎ ካሎሪ፣ ታፋው ደግሞ 17 ግራም ያህል ስብና 230 ኪሎ ካሎሪ አለው። ፕሮቲኑ በተቃራኒው ይሄዳል፤ ከጎድኑ 14 ግራም ተኩል ያህል፣ ከታፋው 18 ግራም ያህል ይገኛል። እነዚህ ቁጥሮች የተወሰዱት ከአሜሪካ በጎች ሲሆን፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት እህል ይመገባሉ። ቀኑን ሙሉ በወረኢሉና በደላንታ ደጋ ሲግጥ የሚውል በግ ቀይ ሥጋው ከዚህ የከሳ እንደሚሆን መገመት ተገቢ ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹን እንደ ላይኛ ወሰን እንጂ እንደ ትክክለኛ ልክ አልወስዳቸውም።

ላትን በተመለከተ ግን ከውጭ የመጣ ሠንጠረዥ እምብዛም አይረዳንም። በአሜሪካ በብዛት የሚረቡት በጎች ጅራታቸው ቀጭን ስለሆነ ላት የሚባል ብልት የላቸውም። የእኛ የደጋ በግ አጭርና ወፍራም ላት ያለው፣ ጸጉሩም ሸካራና ረጅም ነው፤ ሰኞ ሰኞ በባቲ ገበያ ከቆላ የሚመጣው የአፋር በግ ደግሞ ላቱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ላት የእንስሳው የክፉ ቀን ስንቅ ነው። ሣር በጠፋ ጊዜ በጉ ከዚያ እየቀነሰ ይኖራል፣ ዝናብ ጥሎ ግጦሽ ሲለመልም መልሶ ይሞላዋል። በዚህ ምክንያት በጥቅምትና በኅዳር የታረደ በግ ላትና ግጦሽ በደረቀበት ወቅት የታረደ በግ ላት፣ በዓይን አንድ ዓይነት ቢመስሉ እንኳ፣ ውስጣቸው አንድ አይደለም። የከሳ በግ ላት ውስጥ ስቡ ቀንሶ ውሃውና ጅማቱ ይበዛል። አንድ ቋሚ ቁጥር ለላት መስጠት የማይቻለው ለዚህ ነው፤ የራስን ላት ራስ መለካት ይሻላል።

መለኪያው እንደሚከተለው ይሠራል። ላቱ ቆዳው ከተገፈፈና ከተጠረገ በኋላ በመጀመሪያ ሙሉው ይመዘን፣ ክብደቱም ይጻፍ። ቀጥሎ ከሥሩም ከመሐሉም ከጫፉም ጥቂት ጥቂት ተቆርጦ ድምሩ 200 ግራም የሚሆን ናሙና ይወሰድ፤ ከአንድ ቦታ ብቻ ከተቆረጠ ግን ውጤቱ ይዛባል፣ ሥሩ ላይ ጅማትና ቀይ ሥጋ ስለሚቀላቀል። ናሙናው በባቄላ ፍሬ መጠን ይከተፍ። ትልልቅ ሆኖ ከተከተፈ ውጪው ያርና ውስጡ ሳይቀልጥ ይቀራል። ከዚያም በወፍራም ድስት ውስጥ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጋር ይጣድና በጣም ለስላሳ እሳት ላይ ይቀመጥ። ውሃው የሚጨመረው ስቡ ራሱ መቅለጥ እስኪጀምር ድረስ ከድስቱ ሥር እንዳይዝ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነገር ዓይንና ጆሮ በአንድነት ይከታተሉት። መጀመሪያ ላይ ፈሳሹ እንደ አጓት ነጣ ያለና ደፍራሳ ይሆናል፣ ድምፁም የሚንጣጣ ነው፤ ይህ ድምፅ ውሃው እየተነነ መሆኑን ያመለክታል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ውሃው እስካለ ድረስም ድስቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ከዚያ ብዙ አያልፍም። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል፣ አረፋው ይቀንሳል፣ ፈሳሹም ጠርቶ ቢጫ ወርቃማ ይሆናል። ቁርጥራጮቹ ሲገቡ ከነበራቸው መጠን በግማሽ ያነሱ፣ ቀላ ያሉና ከፈሳሹ በላይ የሚንሳፈፉ ይሆናሉ። እሳቱ የሚወርደው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከዚህ ካለፈ ግን ስቡ መጨስ ይጀምራል፣ ጣዕሙም ይመራል። ቀድሞ ባዶው በተመዘነ ጎድጓዳ ዕቃ ላይ ማጥለያ ይቀመጥና ይጠለል፣ ቅሪቱም በጭልፋ ጀርባ በደንብ ይጨመቅ። በመጨረሻ ፈሳሹ ስብና ቅሪቱ ለየብቻ ይመዘኑ።

እንበልና 200 ግራሙ ናሙና 150 ግራም ጥሩ ፈሳሽ ስብ ሰጠ፣ 20 ግራም ደግሞ ቅሪት ቀረ። የጎደለው 30 ግራም ተንኖ የሄደው የላቱ ውሃ ነው። ስቡ ከናሙናው ሰባ አምስት በመቶ ስለሆነ፣ ሙሉው ላት 600 ግራም ቢመዝን 450 ግራም ስብ አለው ማለት ነው። 450 በ9 ሲባዛ 4,050 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ይህ ላት በሙሉ በአንድ ድስት ገብቶ ለአሥር ሰው ከተከፋፈለ፣ ለእያንዳንዱ 45 ግራም ስብና 405 ኪሎ ካሎሪ ከላቱ ብቻ ይደርሰዋል፤ እንጀራው፣ ቀይ ሥጋውና ሌላው ማባያ ገና አልተቆጠሩም። ቅሪቱ ውስጥ ሳይወጣ የቀረ ጥቂት ስብ ምንጊዜም ስላለ፣ በዚህ መንገድ የሚገኘው ቁጥር ከእውነተኛው በትንሹ ዝቅ ያለ መሆኑን መርሳት አይገባም።

የስቡ ዓይነትም ከብዛቱ ያላነሰ ትኩረት ይፈልጋል። አሳማ ባለ አንድ ጨጓራ እንስሳ ስለሆነ፣ የበላው መኖ ውስጥ ያለው ስብ ብዙም ሳይለወጥ በሰውነቱ ይከማቻል። በግ ግን የሚያመሰኳ ነው፤ በትልቁ ጨጓራው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ከሣሩ የሚገኘውን ለስላሳ ስብ ወደ ሳቹሬትድ ስብ፣ ማለትም በተራ ሙቀት ወደሚረጋው ዓይነት ይለውጡታል። የበግ ወጥ ሲቀዘቅዝ ከንፈር ላይ የሚረጋው ለዚህ ነው። በሠንጠረዥ የቀለጠ የበግ ስብ ከ100 ግራሙ 47 ግራም ያህሉ ሳቹሬትድ ነው። ይሁንና በበጉ ሰውነት ላይ ያለው ስብ ሁሉ እኩል አይደለም። ኩላሊትን የከበበው ስብና ሞራው ጠንካራ ናቸው፤ ላቱ ከእነርሱ ለስላሳ ነው፣ በጣት ሲጫኑትም ልዩነቱ ይታወቃል። ስለዚህ ለላት 47ን እንደ ላይኛ ወሰን ይዞ ማስላት ይቻላል፤ ከላይ ባየነው ምሳሌ ለአንድ ሰው የደረሰው 45 ግራም ስብ ቢበዛ 21 ግራም ሳቹሬትድ ስብ ይኖረዋል።

ይህ ቁጥር ከምን ጋር ሲነጻጸር ብዙ ይባላል? የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትድ ስብ ከዕለቱ ጉልበት ከአሥር በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ይህ 22 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ በምሳሌው ከላቱ ብቻ የዕለቱ ልክ ሊሞላ ደርሷል፤ ላዩ ላይ ቅቤ የተጨመረበት ከሆነ ደግሞ አልፏል። የነጠረ ቅቤ ከላት የበለጠ ሳቹሬትድ ስብ አለው፤ ከ100 ግራሙ ከ60 ግራም በላይ የሚሆነው የዚህ ዓይነት ነው። ስለዚህ ላትና ቅቤን በአንድ ድስት ላይ ማዋሃድ እንጂ ቅቤን በላት መተካት ራሱ ትልቁ ጥፋት አይደለም። የእኛ ቤት ጥፋት ላቱን ከቁጥር ማስቀረታችን ነበር።

ላት ጉልበት ነው፤ ሥጋ ግን አይደለም። ይህን አጠንክሬ የምናገረው ብዙ እናቶች ለልጃቸው ለስላሳ ስለሆነ ላቱን እየመረጡ ሲያጎርሱ ስለማይ ነው። ልጁ ከሲታ ከሆነ የላቱ ጉልበት ይጠቅመዋል፤ ነገር ግን ሰውነቱን የሚገነባው ፕሮቲን፣ ደሙን የሚያበረታው ብረትና ዚንክ ያሉት በቀዩ ሥጋ ውስጥ ነው። በዚያው ሠንጠረዥ 100 ግራም ጥሬ የተፈጨ የበግ ሥጋ 1.6 ሚሊ ግራም ያህል ብረት፣ 3.4 ሚሊ ግራም ያህል ዚንክና 2.3 ማይክሮ ግራም ያህል ቫይታሚን ቢ12 አለው። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው ቢ12 2.4 ማይክሮ ግራም ሲሆን፣ ይህ ቫይታሚን ከእህልና ከአትክልት አይገኝም። ረቡዕና ዓርብን፣ በተለይም የ55 ቀኑን ሁዳዴ ሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ ርቆ ለሚቆይ ሰው፣ ጾም ሲፈታ ከላቱ ይልቅ ታፋውና ወርቹ የበለጠ የሚጠቅሙት ለዚህ ነው። ለሕፃን ደግሞ ቀዩ ሥጋ ደቅቆ ተከትፎ፣ በጥቂት የቀለጠ ላት ተለስልሶ ቢሰጥ ሁለቱንም ያገኛል።

ናሙና ማቅለጡ ለማይመቸው ሰው በቅቅል ላይ የሚሠራ ሌላ መንገድ አለ። ሥጋው ከተቀቀለ በኋላ ይውጣና መረቁ ብቻውን በሰፊ ዕቃ ይገልበጥ፤ ከዚያም ተከድኖ በቀዝቃዛ ቦታ ይደር። በደሴ ወይም በጉጉፍቱ የበጋ ሌሊት ማቀዝቀዣ አያስፈልግም፤ ጠዋት ሲከፈት ላዩ እንደ ሻማ ነጭና ጠንካራ ሆኖ ይገኛል። በኮምቦልቻ ሙቀት ግን ሌሊቱን በደንብ ስለማይረጋ፣ መረቁም ሊበላሽ ስለሚችል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደሩ ግድ ነው። የረጋው ስብ በቢላዋ ጠርዝ ሲነሳ እንደ ቂጣ ተሰብሮ ይወጣል። ከሥሩ የተጣበቀው መረቅ ከተጠረገ በኋላ ይመዘን፤ የተመዘነው ግራም በ9 ሲባዛ ከድስቱ የወጣውን ጉልበት ይሰጣል። መረቁ እንደገና ሲሞቅ የሥጋው ጣዕም እንዳለ ነው፤ የሚጎድለው አፍ ላይ የሚቀረው ቅባት ብቻ ነው። አባቴ መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም፤ እኔም ሁሉንም ሳይሆን ሁለት ሦስተኛውን እያነሳሁ ሳስለምዳቸው ቆየሁ፤ አሁን ሙሉው የተነሳለትን መረቅ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ይጠጡታል።

በጥሬና በበሰለ ሥጋ መካከል ያለውን ልዩነት አለማስተዋል ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። ሥጋ ሲጠበስ ውሃውን እያጣ ከክብደቱ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። በሠንጠረዡ ጥሬ የበግ ሥጋ በ100 ግራም 17 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲኖረው፣ የበሰለው 24 ግራም ተኩል ያህል የሚሆነው ፕሮቲን ተጨምሮበት ሳይሆን ውሃው ስለወጣ ነው። ስለዚህ በጥሬው የመዘነ በጥሬው ሠንጠረዥ፣ ከበሰለ በኋላ የመዘነ በበሰለው ሠንጠረዥ ያስላ። ጎድን የሚመዝን ደግሞ ከተበላ በኋላ አጥንቱን ሰብስቦ መዝኖ ይቀንስ። በጥብስ ጊዜ የወጣው ስብ ከድስቱ ሥር ከቀረ ከቁጥር ይወጣል፤ እንጀራ ተነክሮበት ከተበላ ግን ተመልሶ ይገባል።

በበዓል ጊዜ ድርሻን ማከፋፈል ከሁሉ ይከብዳል። በወሎ ለፋሲካም ለአረፋም በግ ይታረዳል፤ እርዱ በየሃይማኖቱ ለየብቻ ቢሆንም የላቱ ስሌት አንድ ነው። እኔ የማደርገው ላቱን ከሥጋው ጋር በጥሬው ድስት ውስጥ ከመክተት ይልቅ አስቀድሞ ለብቻ ማቅለጥ ነው። እንዲህ ሲሆን የሚገባው መጠን በእጅ ውስጥ ይሆናል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ስብ 13 ግራም ያህል ይመዝናል፣ 115 ኪሎ ካሎሪ ያህልም ይሰጣል። ለአሥር ሰው የሚበቃ አልጫ በአምስት የሾርባ ማንኪያ ላት ጥሩ ጣዕም ያወጣል፤ ለእያንዳንዱ ስድስት ግራም ተኩል ይደርሰዋል ማለት ነው፣ ከቀድሞው 45 ግራም ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሜዳ ላይ ሲያርስ ለሚውል ጎልማሳ ሁለት ማንኪያ መጨመር ይቻላል። የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ግን የሰባ ምግብ ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ስለሚችል፣ የልብ ሕመም ወይም ከፍተኛ ኮሌስትሮል ያለበትም የሐኪሙን ልክ መከተል ስላለበት፣ ለእነዚህ ድርሻው ቅባቱ ሳይጨመር አስቀድሞ ተለይቶ ይቀዳ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱም ስለ ቅባት ሲጠየቁ ላቱን በግራም መናገር አለባቸው።

የተረፈው የቀለጠ ላት ውሃ ያልነካው ደረቅ ብርጭቆ ውስጥ ሞቅ እንዳለ ይገልበጥ፣ ሲቀዘቅዝ ይከደን፣ ብርሃን በማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታም ይቀመጥ። በደንብ ያልተነነ ውሃ ወይም ያልተጠለለ ቁርጥራጭ ከቀረበት ቶሎ ይበላሻል። ሽታው ከተለወጠ ወይም ጉሮሮ የሚከረክር ከሆነ በቅመም ለመሸፈን ሳይሞከር ይጣል። በብርጭቆው ላይ የተቀለጠበትን ቀንና ክብደቱን የሚያሳይ ወረቀት እለጥፋለሁ፤ በየጊዜው የወጣውንም ማንኪያ ከሥሩ በእርሳስ እመዘግባለሁ።